የወንዳወቅ የልጅ ልጅ

እኔ ተናኜ ቂመኛ ነኝ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ራሴው ልናገረው ብዬ ነው። ንስሐ አባቴ አባ ገብረ ኢየሱስ በየሁዳዴው "አንች ልጅ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት" ይሉኛል። "አባቴ፣ እኔ መቸ ጸለይኩ?" እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቁና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ያሳርፉታል። የተናገርኩት ግን እውነቴን ነበር። ልጄ ከሞተች አስራ አንድ ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቆማለሁ እንጅ አፌን ከፍቼ የለመንኩት ነገር አልነበረም።

ቂሙ በማን ላይ ነው ትሉ እንደሆን፣ በወንዳወቅ ላይ ነው።

ከቡሬ በእግር አራት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ነው የኖርኩት። ባሌ ለቀን ሥራ መተከል ወርዶ እዚያው ቀረ፤ ይሙት ይኑር የነገረኝ የለም። ከአምስት ዓመቷ ልጄ ከማርያማዊት ጋር በሁለት ጥማድ መሬት ቀረሁ። ጎረቤቴ ወንዳወቅ የእድር ዳኛ ነበር፤ ባለ አራት በሬ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ ሲናገር ሰው ሁሉ "እውነት ነው" የሚልለት። በየዓመቱ ሲያርስ ድንበሬን አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም ይገፋል። ሽማግሌ ላክሁበት፣ ሳቀ። ዝም ብዬው ቢሆን ምድጃዬ ድረስ ያርሰው ነበርና ከሰስኩት፤ ረታሁትም። ባል የሌላት ሴት ወንዳወቅን ረታች ተባለ። በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበና "ጎረቤቷን ፍርድ ቤት ያንገላታች" ብሎ ስሜን ፋቀው።

የከተማ ሰው እድር ሲባል ድንኳንና ወንበር ነው የሚታየው። በኛ አገር እድር ማለት ቃሬዛ ነው። የታመመ ሰው መኪና መንገድ የሚደርሰው በወንዶች ትከሻ ነው፤ አራት አራት ሆነው እየተቀባበሉ ያደርሱታል። ቃሬዛው የሚቀመጠውም ከእድር ዳኛው ቤት ነው።

ነሐሴ ላይ ማርያማዊት ታመመች። ትኩሳቱ አልለቅ አላት፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ተገለበጠ። ሮጬ ወንዳወቅ ደጅ ወደቅሁ። እግሩን ሳምኩት። አዎ፣ እግሩን! ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየዋለሁ። እሱ ከመደቡ ሳይነሳ "የረታሽበት ፍርድ ቤት ይሸከምልሽ" አለኝ። አብረውት ከነበሩት አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ብድግ ያለ ግን አልነበረም።

በጀርባዬ አዘልኳት። ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ወንዙ ሞልቷል። ማዶ እስክሻገር ድረስ "እማ፣ ውሃ" ትለኝ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እንቅልፍ ያሽላታል ብዬ እርምጃዬን እንኳ አለዘብኩ። ቡሬ ስደርስ አንዲት ሴት ከጀርባዬ አወረደችልኝ፤ ልጄን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የማላውቃቸው ሰዎች ቀበሩልኝ። ወደ አገሬም አልተመለስኩም፤ መሬቴን ወንዳወቅ አረሰው ሲሉ ሰማሁ።

ፍኖተ ሰላም ከተማ በየሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ነው አባ ገብረ ኢየሱስ ያገኙኝ። በልመና ያቆሟት ስምንት አልጋ ያላት ቤት አለቻቸው፤ ርሃብና በሽታ ያደቀቃቸውን የድሃ ልጆች የምታስታምም። "ነይ አንሶላ እጠቢ" አሉኝ። የሄድኩት ለደሞዙ ነው፤ ለጽድቅ አይደለም። የቤቱ ነርስ ሲስተር ናዚፋ ናት፤ የቡሬ ነጋዴ ልጅ፣ እጥር ምጥን ያለች፣ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሰው። አንድ ቀን ሰው አጠራትና "ተናኜ፣ እጅሽን ታጠቢና ይኸን ወተት ያዥልኝ" አለችኝ። በዚያው ቀረሁ።

ወተቱ የዋዛ ወተት አይደለም። በርሃብ ያለቀ ልጅ ልቡም እንደ ክንዱ ቀጥናለች፤ ቶሎ ይወፍር ብለው በላይ በላዩ ያበሉት እንደሆን ልቡ አትችለውምና ይሞታል። ስለዚህ በዱቄት የሚመጣ ወተት አለን፤ በልክ ይበጠበጣል፣ በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል፤ ጠብታ አይጨመር፣ ጠብታ አይጎድል። ይኸን ለአገሬ ሰው ማስረዳት መከራ ነው። ለከሳ ልጅ ቅቤ ነዋ መድኃኒቱ! አጉርሰው፣ ደግመህ አጉርሰው። ናዚፋ ለሚገባው ሁሉ ትናገራለች፤ እኔም ከኋላዋ እደግመዋለሁ። ዛዲያ ስንቷን እናት በነጠላዋ ሥር ፍትፍት ስታጎርስ ይዘናል መሰላችሁ! ሳህን ነጥቄአለሁ፣ ተሰድቤአለሁ፣ ተረግሜአለሁ።

እኔ የያዝኩትን መልቀቅ አላውቅበትም። ቂሜን እንደያዝኩ ወተቱንም እንዲሁ ያዝኩት። ዘጠኝ ዓመት! ቀን ሆነ ሌሊት፣ ሰዓቱ ሲደርስ እግሬ ራሱ ይነሳል። ለምን እንደምኖር ብትጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ከአልጋዬ ለምን እንደምነሳ ግን አውቅ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ በማግስቱ፣ ሮብ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ገባ። "በእግዚአብሔር፣ እናቶቼ" አለ። ድምፁን ነው መጀመሪያ ያወቅሁት። ቀና ብዬ አየሁ። ባዶ እግሩን ነው። ጋቢው ተጥፎ ተጥፎ ጥፈቱ ከጋቢው በዝቷል። ያ በኩራት ይነፋ የነበረ ደረት ወደ ውስጥ ገብቷል።

ተመስገን አልኩ። አልዋሻችሁም፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከልቤ ተመስገን ያልኩት ያን ጊዜ ነው። እሰይ! እሰይ፣ እሰይ! ደስ አለኝ። አምላክ አለ ማለት ነው፣ አልኩ፤ የኔን እንባ ቆጥሮ አስቀምጦት ነበር። እንዲያ ያለ እምነት ነበር ያደረብኝ፤ ምን ይደረግ።

እሱ አላወቀኝም። አፌ በማስክ፣ ፀጉሬ በሻሽ ተሸፍኖ፣ ነጭ ሽርጥ ለብሻለሁ። ነጩን ልብስ ሲያይ ጎንበስ ብሎ "እሜቴ" አለኝ። ያ አንች ብሎ እንኳ ለመጥራት የሚጠየፈኝ ሰው አንቱ አለኝ።

ናዚፋ ስትጠይቀው ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። ልጁ ምስክር ይባላል፤ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ የወንዳወቅ የልጅ ልጅ። እናቱ በወባ ሞታለች፤ አባቱ ጥሎ ጠፍቷል። በሬዎቹ አንዱ በበሽታ፣ ሌሎቹ በችግር አልቀዋል። ሚስቱ ዓይኗ ጠፍቶ ቤት ተቀምጣለች። "የሚያስታምመው ሴት ስለሌለ እኔው መጣሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። እናቶቹ ተጠቃቀሱ፤ ሽማግሌ ወንድ በሴት መካከል ልጅ ሲያስታምም ማን አይቶ ያውቃል? እኔ በማስኬ ውስጥ ሳቅሁ።

ልጁን ተቀብዬ መዘንኩት። አምስት ኪሎ። እግሩ አብጦ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ ሳይሞላ ይቆያል፤ ቆዳው ተልጧል። ዓይኑ ብቻ ይከተለኛል፤ እሱም ቁርጥ የአያቱ ዓይን። ጠላሁት። ልጅ ይጠላል ወይ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ጠላሁት። ወተቱን ግን በልኩ ሰጠሁት፤ ናዚፋ ከጎኔ ቆማለችና።

ሐሙስ ከሰዓት ሲኒውን ሳቀርብለት ሳልነካው አፉን ከፈተ። "ለአያትህ ብዬ አይደለም" አልኩት በጆሮው። ወንዳወቅ ከአልጋው ግርጌ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ያየኛል።

"እግዜር ይስጥዎት፣ እሜቴ" አለ። "እጅዎ ልጅ ያውቃል። የወለዱት አለዎት?"

"አንዲት ነበረችኝ።"

"ምን አገኛት?"

"የሚሸከማት ጠፋ።"

"እህ! ይኸማ ከባድ ነው" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እግዜር ያጽናዎት።"

አያስታውስም! እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸ ሰው እንቅልፍ የለውም፣ የልጄ ድምፅ ይሰማዋል፣ ሲበላ ይተናነቀዋል እያልኩ ነበር የምጽናናው። እሱ ለካ ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲተኛ ነው የኖረው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማለሁ፤ ያን ቀን ግን ረስቶት አየሁት። ሌሊቱን ምስክርን ለማጠጣት በተነሳሁ ቁጥር አያትየውን አያለሁ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ያንኮራፋል። ትራሱን አፉ ላይ ብጭነው እስከማለት ደርሼ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ናዚፋ ሶላት ለመስገድ ከጓሮ ወዳለችው ክፍል ገባች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ፀሐይ ሊያሞቁ ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ወንዳወቅና ምስክር ነን። ወንዳወቅ ግራ ቀኙን አየና ከጋቢው ሥር በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው በሶ ነው፤ በቅቤና በማር ታሽቶ የሚያብረቀርቅ። ዓርብ በመሆኑ እሱ ራሱ እህል አልቀመሰም፤ ቅቤው ጣቱን ሲነካው በኮባው ጠረገው።

"አሮጊቷ ናት በአገር ሰው የላከችልኝ" አለ በሹክሹክታ። "የቀረችንን አንዲት በግ ሸጣ። እሜቴ፣ አይቆጡኝና፣ ይኸ ልጅ በርሃብ እየሞተ እናንተ በሲኒ ትሰፍሩለታላችሁ። የሀብታም ልጅ ቢሆን እንዲህ ይሰፈርበት ነበር? ነርሷ አይሆንም ብላኛለች፤ የከተማ ልጅ ናት። እርስዎ ግን የገጠር ሰው ነዎት፤ ልጅ በምን እንደሚያገግም ያውቃሉ። ትንሽ ባቀምሰውስ?"

አፌን ከፈትኩ። አይሆንም፣ ይገድለዋል ልል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልኩት ቃል ነው፤ ሳላስበው የሚወጣ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"እርስዎ ያውቃሉ" አልኩት። "አያቱ እርስዎ ነዎት።"

ፊቱ በራ። "እግዜር ያክብርልኝ፣ እሜቴ!" አለ። እኔ የስድስት ሰዓቱን ሲኒ አንስቼ ወጣሁ።

ጓሮ ቧንቧው ጋ ቆምኩና ውሃውን ከፈትኩት። በእጄ አልነካሁት፣ ክፉ ቃል አልወጣኝ፤ በጨዋ ደንብ ነው የመለስኩለት። እሱ ቃሬዛ ከለከለኝ፣ እኔ አንዲት ቃል ከለከልኩት፤ ይኸው ነው። ልጁን ሲያዝለው ታየኝ። በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ወንዝ፣ ተኝቶልኛል እያለ እርምጃውን ሲያለዝብ ታየኝ። ቤቱ ደርሶ ሲያወርደው ታየኝ። ደስ አለኝ እኮ! እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ።

ሲኒውን ሳጥብ ጭላጭ የለውም። የስድስት ሰዓቱን እስከ መጨረሻው ጨርሶታል፤ ከገባ ይኸ የመጀመሪያው ነበር። ስንተኛው ሲኒ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ልማድ ነው። አስራ ስምንተኛው። አስራ ስምንት ጊዜ አጠጥቼዋለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሳይል፣ ጎህ ሳይል፣ ራሱን በክንዴ ደግፌ። ወንዳወቅ ይዞልኝ የመጣው ክምር አጥንት ነው። አፉን መክፈት ያስተማርኩት እኔ፣ እጄን ሲያይ ምራቁን መዋጥ ያስተማርኩት እኔ። ያን ሁሉ ድካም ነው በአንድ ጉርሻ የሚያፈርሰው?

ልቧ ራራ እንዳትሉ። ቅንጣት አልራራሁም። ንዴቴ ነው የገነፈለ። ይኸ ሰው አንዷን ገድሎብኛል፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ሊገድልብኝ ነው አልኩ። የኔን! ሲኒውን ወርውሬ ሮጥኩ።

"አንተ!" አልኩት ከበሩ ጀምሬ። እኛ አገር ሴት ሽማግሌን አንተ ብላ ስትጮህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እጁን መታሁት፤ በሶው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። "ስንት አጎረስከው?"

"ሁለት... ሦስት... ምነው እሜቴ፣ እርስዎ አይደሉ—"

ጣቴን ከምስክር አፍ ሰድጄ የቀረውን አወጣሁ። የዋጠውን ግን ምን ላድርገው? ማስኬን ገንጥዬ ጣልኩት። "እየኝ! ደህና አድርገህ እየኝ! ተናኜ ነኝ፤ የማርያማዊት እናት! ፍርድ ቤት ይሸከማት ያልካት ልጅ እናት!"

አየኝ። "ተናኜ" አለና አልጋውን ይዞ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። አሁን ነው ያስታወሰው። ይኸን ቀን አስራ አንድ ዓመት ጠብቄው ነበር፤ ሲመጣ ግን ላየው ጊዜ አላገኘሁም፤ የምስክር ትንፋሽ መቅለብለብ ጀምሯል።

"ናዚፋ!" ብዬ ጮኽሁ። የሶላት ልብሷን እንደ ለበሰች በባዶ እግሯ ደረሰች። እናቶቹ ወንዳወቅን ደግፈው አወጡት። ናዚፋ የልጁን ደረት አዳመጠች፣ ትንፋሹን ቆጠረች፣ ከዚያ በቀነሰ ድምጿ "ማነው የፈቀደለት?" አለችኝ።

"እኔ" አልኩ። "ይገድለዋል ማለት ስችል እርስዎ ያውቃሉ ብዬው ወጣሁ። እያወቅሁ።"

"ያዥው" አለች፤ "ራሱን ቀና አድርጊልኝ።" ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ከሥራ በቀር አልተነጋገርንም። እሷ በመርፌና በመድኃኒቷ፣ እኔ ራሱን በክንዴ ይዤ። አንዴ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ሄደ ብዬ ነበር። ቅዳሜንም እንዲሁ ዋልን፤ ወተቱ መጀመሪያ ቆሞለት፣ ኋላ እየለካን እንደ ገና ከትንሹ ጀምረን።

እሑድ ማለዳ ምስክር አለቀሰ። የናንተ ልጅ ሲያለቅስ ትሳቀቁ ይሆናል። በርሃብ የደቀቀ ልጅ ግን ለማልቀስ አቅም የለውም፤ የኛ ቤት እልልታ የሚመታው ልጅ ሲጮህ ነው። እናቶቹ አቀለጡት። ናዚፋ በእጄ ይዛ ወደ መድኃኒት ክፍሏ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

"ይኸ ልጅ ሞቶ ቢሆን ለሕግ ነበር የማሳልፍሽ" አለች። "አሁንም ላባርርሽ ይገባኛል። ግን ባንች እጅ ስንት ልጅ እንደተነሳ አውቃለሁና አልቆርጥም። የሚቆርጠው አያቱ ነው። ሄደሽ የሠራሽውን አንች ራስሽ ትነግሪዋለሽ። ልጄን አትንካብኝ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ወተት አትነኪም፤ የዚህን ልጅም፣ የሌላውንም።"

"ለወንዳወቅ?" አልኩ። "የኔን ነገር ወንዳወቅ ሊቆርጥ? ናዚፋ፣ ግደይኝ ይሻላል!"

"የልጁ ባለቤት እሱ ነው" አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

እንዲህ ያለ ውርደት! ደግሞ ይኸ ሰው በኔ ላይ ዳኛ ይቀመጥ? አንሶላዬን ጠቅልዬ ልሄድ አሰብኩ። ወዴት? ከዚች ቤት ውጭ ሦስት ሰዓት ሲደርስ ለማን ነው የምነሳው? እንዲህ ሳብሰለስል ከደጅ ጫጫታ ሰማሁ።

ወጣሁ። ወንዳወቅ ከግቢው መሐል በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ በአንገቱ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ከቅዳሴ የተመለሱት ሴቶች ዙሪያውን ቆመዋል። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ የተበደለ ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ድንጋዩ ከብዶት አንገቱ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

"ተናኜ" አለ መሬት እያየ፣ "በልጅሽ ነፍስ በደለኛ ነኝ። ስለ እመብርሃን ብለሽ።"

"አውርጅለት እንጅ፣ እቴ!" አሉ ሴቶቹ። "ሽማግሌ ነው! ኧረ ስለ ፈጣሪ!"

እጄ አልታዘዘኝም። አላወርድለትም አልኩ በልቤ፤ እስኪመሽ ይሸከመው፤ ልጄ ከዚያ ድንጋይ ትከብድ ነበር። በሱ ፊት ራሴን ዝቅ ከማደርግ ደግሞ ምላሴ ቢቆረጥ መረጥኩ። ግን ከክፍሉ የምስክር ልቅሶ ይሰማል፤ የሚጠጣበት ሰዓት ሊደርስ ነው፤ ሳልናገር ደግሞ ወተቱን መንካት አልችልም።

"ይቅር አልልዎትም" አልኩ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። "ውሸት ነው የሚሆነው፤ የለኝምና። ግን የምነግርዎት አለኝ። በሶው እንደሚገድለው አውቅ ነበር። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ የወጣሁት አውቄ ነው። ልጁን ሞቶ ሊሸከሙት ፈልጌ ነው። ሲስተር ናዚፋ ወተት ትንካ፣ አትንካ የሚሉት እርስዎ ነዎት ብላለች። በሉ።"

ከሴቶቹ አንዷ በማርያም እያለች አማተበች። ወንዳወቅ ድንጋዩን ማንም ሳያወርድለት ራሱ አወረደው። እጁን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ተነሳ። ፊቴን አየ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባ።

ይዞት ሊሄድ ነው አልኩ። ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ በበሩ ብቅ አለ። ወደ ውጭው በር አንድ እርምጃ ቢሄድ ልጁ መንገድ ላይ እንደሚሞት አውቀዋለሁ፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ጉልበቴን አጥፌ ነበር። ያን እግር! ለሁለተኛ ጊዜ ልስመው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እመብርሃን ታውቃለች።

እሱ ግን አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ምስክርን ከጋቢው ፈታና በክንዴ ላይ አስቀመጠው።

"ይርበዋል" አለ። "አጠጭው።"

"ከነገርኩህ በኋላ?" አልኩ፤ አንቱታው ጠፍቶኝ።

"ከነገርሽኝ በኋላ" አለ። "እኔ በልጅሽ ላይ በሬን ዘግቻለሁ። አንች ለዚህ ልጅ ተመልሰሽ ሮጠሽለታል።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከመንገዴ ላይ አነሳና እንዳልሰናከል ወደ ጎን አደረገው።

ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ዱቄቱን ለካሁ፣ ውሃውን ለካሁ፣ በጠበጥኩ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ጊዜ ደፍቼ እንደ ገና ጀመርኩት። ምስክር ሲኒውን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ማን ምን እንዳሰበበት አያውቅም። ሲጠጣ አፌ ራሱ ተከፈተና መጸለይ ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ናዚፋም እናቶቹም እየሰሙኝ። እመብርሃን፣ ይኸን ልጅ አሳድጊልኝ አልኳት። እጄን ይቅር በይልኝ አልኳት። ማርያማዊትን ሳሚልኝ አልኳት።

ስለ ወንዳወቅ ግን ምንም አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።